ለአእምሮ ጤና ችግር የሚስማማውን ባለሙያ ስለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለራሳቸው ወይም ለቅርብ ሰው የአእምሮ ጤና እርዳታ የሚፈልጉ ሰዎች «ወደ ማን ልሂድ?» ሲሉ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የሥነ አእምሮ ሐኪም (ሳይካትሪስት) አስቀድሞ የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ሐኪም ከሆነ በኋላ፣ እንደየአገሩ ሥርዓት 3 ዓመትና ከዚያ በላይ በአእምሮ ሕመሞች ላይ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የወሰደ ሰው ነው። ስለዚህ መድኃኒትና የላቦራቶሪ ምርመራ ያዝዛል፣ ታካሚው ተኝቶ መታከም ያስፈልገው እንደሆነ ይወስናል፣ የሰውነት ሕመም የአእምሮ ሕመም መስሎ ሲመጣም ለይቶ ያውቃል። የሥነ ልቦና ባለሙያ (ሳይኮሎጂስት) ደግሞ የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ባሕርይ ያጠና ሲሆን፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ሕመምተኞችን ለማከም በተለይ የሠለጠነው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ይባላል። ዋና ሥራው የንግግር ሕክምና (ሳይኮቴራፒ) ነው፤ የማስታወስ፣ የትኩረትና የማመዛዘን ችሎታን የሚለኩ የሥነ ልቦና መመዘኛዎችንም በአብዛኛው የሚሠራው እሱ ነው። በአብዛኞቹ አገሮች መድኃኒት አያዝዝም፤ እንደ ኒው ሜክሲኮና ሉዊዚያና ባሉ ጥቂት የአሜሪካ ግዛቶች ግን ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ሳይኮሎጂስቶች እንዲያዝዙ ሕጉ ይፈቅዳል።

በአማርኛ ሁለቱም መጠሪያዎች «ሥነ» ብለው ስለሚጀምሩ በጆሮ ይመሳሰላሉ፤ በተለምዶም «የአእምሮ ሐኪም» የሚለው ስም ለሁለቱም ይሰጣል። ይህ መምታታት ጉዳት አለው። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ማዘዝ በማይችል ባለሙያ ዘንድ ወራት ያሳልፋል፤ ተናግሮ መደመጥ የሚያስፈልገው ደግሞ አጭር የመድኃኒት ክትትል ብቻ አግኝቶ «ሕክምናውን ሞክሬው አልረዳኝም» ብሎ ይተወዋል። ቀጠሮ ሲይዙ «የሚያዩኝ ሐኪም ናቸው ወይስ የሥነ ልቦና ባለሙያ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ከዚህ ሁሉ ያድናል። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ሕመምተኛን ለማከም ብቁ እንደማያደርግም ማወቅ ያስፈልጋል።

አማካሪ፣ ሶሻል ወርከርና የሥነ አእምሮ ነርስ ምን ይሠራሉ?

የምክር አገልግሎት ባለሙያ (ካውንስለር) እንደ ሐዘን፣ ፍቺ፣ የሥራ ጫና ወይም የግንኙነት መበላሸት ባሉ የኑሮ ፈተናዎች ላይ ያተኩራል፤ ሠልጥኖበት ከሆነ ቀለል ያለ ድባቴንና ጭንቀትንም ያክማል። የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስት የሚመለከተው በሰዎቹ መካከል ያለውን ግንኙነት ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ወይም ወላጅና ልጅ አብረው ይቀርባሉ።

ሶሻል ወርከር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ባለሙያ ነው። ሕመሙን ያመጣው ወይም ያባባሰው ሥራ ማጣት፣ መጠለያ ማጣት፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ወይም የአስታማሚ አለመኖር ከሆነ፣ መድኃኒቱም ሆነ ንግግሩ ብቻውን አይዘልቅም፤ ሰውየውን ከሕግ፣ ከመጠለያና ከድጋፍ አገልግሎቶች ጋር የሚያገናኘው ይህ ባለሙያ ነው። በብዙ አገሮች ክሊኒካል ሶሻል ወርከሮች የንግግር ሕክምናም ይሰጣሉ። የሥነ አእምሮ ነርስ ደግሞ መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱን፣ የጎንዮሽ ጉዳት መኖር አለመኖሩንና የሕመሙን አካሄድ ይከታተላል፤ ስፔሻሊስት ሐኪም በማይገኝበት ቦታ በሥልጠናው ደረጃ ልክ መርምሮ እንዲያዝዝም የሚፈቀድለት አለ። ከታካሚውና ከቤተሰቡ ጋር ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ባለሙያ መምረጡን ትቼ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

አንድ ሰው ራሱን ስለማጥፋት ሲያስብ፣ በተለይም መንገዱንና ጊዜውን ካሰበበት፤ ራሱን ወይም ሌላውን እንዲጎዳ የሚያዝዝ ድምፅ ሲሰማ፤ ለቀናት ሳይተኛ ቆይቶ ንግግሩና ድርጊቱ ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን፤ መብላትና መጠጣት ጨርሶ ሲያቆም፤ ወይም በድንገት የት እንዳለና ማን አጠገቡ እንዳለ ግራ ሲጋባ፣ የሚያስፈልገው በአቅራቢያ ያለው የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። እስከዚያው ብቻውን አይተው፤ መድኃኒት፣ የጦር መሣሪያና መርዛማ ኬሚካል ከአጠገቡ ይራቅ።

ብዙ ሰው «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባ ይመስለውና ይፈራል። በቀጥታና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይልቁንም የታመመው ሰው ብቻውን የተሸከመውን እንዲያወጣ ዕድል ይሰጠዋል።

ሁኔታው ድንገተኛ ካልሆነ መጀመሪያ ወደ ማን ልሂድ?

ለብዙ ሰው ጥሩው መነሻ ጠቅላላ ሐኪም ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ድባቴ የሚመስል ድካምና ተስፋ ማጣት ሊያመጣ፣ ሲበዛ ደግሞ የልብ መምታትና መንቀጥቀጥ ያለበት ጭንቀት ሊመስል ይችላል። የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ እንዲሁም እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶች ስሜትን ይለውጣሉ። እነዚህን ሳያጣሩ ለወራት የንግግር ሕክምና መከታተል በሽታውን ትቶ ጥላውን እንደ ማሳደድ ነው።

ጠቅላላ ሐኪሙ ድባቴንና ጭንቀትን ራሱ ማከም የሚችልበትም ሁኔታ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «የአእምሮ ጤና አትላስ 2020» መሠረት፣ የየአገሮቹ መካከለኛ አኃዝ ለ100,000 ሰው 13 የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ብቻ ነበር፤ በድሃ አገሮች ደግሞ ቁጥሩ ከ2 ያንስ ነበር። ድርጅቱ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች እንዲያክሙ የሚያሠለጥነውን መርሐ ግብር በ2008 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስፔሻሊስት እስኪገኝ ድረስ ሳይታከሙ መቆየት አያስፈልግም።

መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይስ ንግግር ይበቃኛል?

መልሱ እንደ ሕመሙ ዓይነትና ክብደት ይለያያል። ቀለል ላለና መካከለኛ ለሆነ ድባቴ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ከባድ ለሆነው ግን ሁለቱ አብረው ሲሰጡ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ። ለይቶ የሚያስፈራ ነገር ላለበት ሰው፣ ለምሳሌ ከፍታን ወይም መርፌን ለሚፈራ፣ የሚሠራው ከሚፈራው ነገር ጋር ደረጃ በደረጃ የሚያለማምደው ሕክምና ስለሆነ ሳይኮሎጂስት ይበቃዋል። በስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ በሚያሰማና ከእውነታ በሚያርቅ ሕመም) እና በባይፖላር ሕመም (ስሜት አንዴ ከመጠን በላይ ከፍ በሚልበት፣ አንዴ በሚወድቅበት) መሠረቱ መድኃኒት ነው፤ የንግግር ሕክምናና የቤተሰብ ትምህርት በዚያ ላይ ይታከላሉ። ስለዚህ ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ የሚሰማ ወይም በማስረጃ የማይናወጥ የተሳሳተ እምነት የያዘ ሰው ከሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም ሐኪም በሌለበት ከሥነ አእምሮ ነርስ ቢጀምር ይሻላል።

መድኃኒት ለጀመሩ ሰዎች አንድ ነገር አስቀድሞ ቢነገር ብዙ ማቋረጥ ይቀር ነበር፦ የድባቴ መድኃኒቶች መሥራት የሚጀምሩት በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ሙሉ ውጤታቸውን ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉዳቱ ብቻ የሚሰማው ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም፤ ይህን ያላስረዳው ባለሙያ ግን ሥራውን አጉድሏል። ሰውየው ከተሻለው በኋላም መድኃኒቱ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪሙ ምክር ቀስ በቀስ ነው።

ቴራፒስት ነኝ የሚል ሰው ብቃት እንዳለው እንዴት አውቃለሁ?

የሐኪም ሙያ በሕግ የተጠበቀ ቢሆንም «ቴራፒስት»፣ «አማካሪ» ወይም «ኮች» የሚሉት ግን በብዙ ቦታ ማንም ሊጠራባቸው የሚችሉ ናቸው። ለምሳሌ በብሪታንያ «ካውንስለር» እና «ሳይኮቴራፒስት» የሚሉት መጠሪያዎች በሕግ የተጠበቁ አይደሉም። ስለዚህ ከስሙ አልፎ ሦስት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ምን ተማሩ? የሙያ ፈቃድዎን የሰጠው የትኛው አካል ነው? የእኔን ዓይነት ችግር ምን ያህል አክመዋል? ብቁ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ የሚቆጣ ከሆነ መልሱን ሰጥቶዎታል።

የሕይወት አሠልጣኝ (ላይፍ ኮች) ግብ ለመቅረጽ ሊረዳ ይችላል፤ ሕመም ግን አያክምም። የሃይማኖት አባት የሚሰጠው መጽናኛም ለብዙ ሰው ትልቅ ብርታት ስለሆነ ከሕክምናው ጎን ለጎን ቢቀጥል ደግ ነው። ማንም ይሁን ማን መድኃኒትዎን ያለ ሐኪምዎ ዕውቀት እንዲያቋርጡ ካዘዘዎት ግን ምክሩን አይቀበሉ።

የንግግር ሕክምና ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለእኔ የሚሆነው የትኛው ነው?

ከባለሙያው ማዕረግ ይልቅ የሠለጠነበት የሕክምና ዘዴ ወሳኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሮን ቤክ የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም መሠረቱን የጣሉት ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (ሲቢቲ) አንድ ሰው ስለ ራሱና ስለ ዓለም ያለውን ልማዳዊ አስተሳሰብ እንዲመረምርና ድርጊቱን ደረጃ በደረጃ እንዲለውጥ የሚያደርግ ሲሆን፣ ለድባቴና ለጭንቀት በስፋት ተጠንቷል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 በሚሆኑ ቀጠሮዎች የሚያልቅ፣ የቤት ሥራ ያለው ሕክምና ነው።

ያለፈቃድ የሚመላለስ ሐሳብና እጅን ደጋግሞ እንደ መታጠብ ያለ ድርጊት ላስቸገረው ሰው (ኦሲዲ) ግን ተራ የምክር አገልግሎት አይበቃም፤ የሚያስጨንቀውን ነገር እንዲጋፈጥና የተለመደውን ድርጊት እንዳይፈጽም የሚያለማምድ ልዩ ዘዴ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል። በዚህ ሕመም ላይ «አይዞህ፣ ምንም አይደርስብህም» የሚለው ማጽናኛ እየተደጋገመ ሲሄድ ሕመሙን ሊያጠናክረው ይችላል። ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት ደርሶበት ትዝታው ለሚያሰቃየው ሰው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ በአሰቃቂ ገጠመኝ ላይ ያተኮረ ሲቢቲንና ኢኤምዲአር የተባለውን፣ የዓይን እንቅስቃሴን የሚጠቀም ሕክምና መክሯል። ስሜቱ በፍጥነት ለሚገነፍልና ራሱን ደጋግሞ ለሚጎዳ ሰው አሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ማርሻ ሊነሃን የቀረጹት፣ ስሜትን የመቆጣጠር ክህሎት የሚያስተምረው ዲቢቲ የተባለ ሕክምና አለ። የእነዚህን ሁሉ ስም ማስታወስ ግድ አይደለም፤ «ለእኔ ችግር የሚጠቀሙት ዘዴ ምን ይባላል? ለምንስ መረጡት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

የምነግረው ነገር ምስጢር ሆኖ ይቆያል?

በመርሕ ደረጃ አዎ። በየአገሩ ሕግ መሠረት ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው የሚነሣባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፦ ሕይወትዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት በቅርብ አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ በልጅ ላይ ጥቃት ሲፈጸም፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ። ባለሙያው እነዚህን ወሰኖች በመጀመሪያው ቀን ሊነግርዎት ይገባል። ዘመድ ወይም የቅርብ ወዳጅ የሆነ ባለሙያ ምንም ያህል ቢወደድ አካሚዎ ሊሆን አይገባም፤ እሱን ወይም ዘመዶቹን ላለማስቀየም ሲሉ የሚደብቁት ነገር መኖሩ አይቀርምና።

ለልጄ የትኛው ባለሙያ ይሻላል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከአእምሮ ሕመሞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ልጅ ሐዘኑን በቃል ላይገልጸው ይችላል፤ በሆድ ቁርጠት፣ በቁጣ፣ በትምህርት ማሽቆልቆል ወይም ቀድሞ የተወውን አልጋ ማርጠብ በመጀመር ይታያል። ስለዚህ ከልጆች ጋር መሥራት የሠለጠነ ሰው መፈለግ ያስፈልጋል። ንግግሩ ለዘገየ፣ ዓይን ለዓይን ለማየት ለሚቸገር ወይም ከእኩዮቹ ጋር ለማይጫወት ሕፃን መነሻው የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ በቅድሚያ የመስማት ችሎታው ይመረመራል። የትኩረት ወይም የመማር ችግር ሲጠረጠር የልጆች ሳይኮሎጂስት ይመዝናል፤ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ የልጆችና የወጣቶች ሥነ አእምሮ ሐኪም ይጨመራል። ወላጅን ሳያነጋግርና ስለ ትምህርት ቤቱ ሳይጠይቅ ሕፃንን ብቻውን አይቶ የሚወስን ባለሙያ ሥራውን ገና አልጨረሰም።

ከወለድኩ ጀምሮ ስሜቴ ተለውጧል፤ ይህስ የማን ሥራ ነው?

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ለቅሶና መረበሽ በአብዛኛው በ2 ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ሕፃኑን መውደድ ካቃተዎት፣ ለሚከታተልዎት አዋላጅ ወይም የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ይንገሩ፤ የንግግር ሕክምና በጣም ይረዳል፤ ጡት እያጠቡ መድኃኒት መውሰድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያማክራል። እንቅልፍ ያጣች፣ የምትጠራጠርና ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር የምትናገር እናት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ሱስ ላለበት ሰው ከአማካሪ መጀመር ትክክል ነው?

ለብዙዎቹ ሱሶች ጥሩ ጅምር ነው፤ አልኮል ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል መናወጥ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠትና ከፍተኛ መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። ለረጅም ጊዜ የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒን የወሰደ ሰውም በተመሳሳይ አደጋ ላይ ነው። በወኔ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ያለን ሰው ማድነቅ ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው ግን በሐኪም ክትትል ይሁን። አማካሪውና የተሐድሶ ፕሮግራሙ ከዚያ ይቀጥላሉ። ከሱሱ ጋር ድባቴ ካለበት ሁለቱም አብረው መታከም አለባቸው።

የነርቭ ሐኪም ነው የሚያስፈልገኝ ወይስ የሥነ አእምሮ ሐኪም?

የነርቭ ሐኪም (ኒውሮሎጂስት) የሚጥል በሽታን፣ ስትሮክን፣ ፓርኪንሰንንና የመሳሰሉትን ያክማል፤ ምንም እንኳ በብዙ ቦታ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢታዩም ሕመሙ የአንጎል ሕመም ነው። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ከዚህ ቀደም የአእምሮ ሕመም ያልነበረበት ሰው ጠባዩ ቢለወጥ ወይም መርሳት ቢጀምር፣ ድባቴ ነው ከመባሉ በፊት አንጎሉ ይመርመር። የተገላቢጦሹም ይደርሳል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ድባቴ የመርሳት በሽታ መስሎ ሲታይ፣ ታክሞ የሚድን ሰው «እርጅና ነው» ተብሎ ይተዋል።

ባለሙያው አልተስማማኝም፤ መቀየር ነውር ነው?

ነውር አይደለም። በታካሚና በአካሚ መካከል ያለው መተማመን ለሕክምናው ውጤት ትልቅ ድርሻ እንዳለው በጥናቶች ደጋግሞ ታይቷል። ሆኖም ሁለት ዓይነት አለመመቸት አለ። አንደኛው የሚያመው ነገር ስለተነካ የሚመጣ ነው፤ ይህ የሕክምናው አካል ስለሆነ ሦስት አራት ቀጠሮ መታገሥና ስሜቱን ለባለሙያው ራሱ መናገር ይሻላል። ሁለተኛው ስለሚናቁ፣ ስለሚቸኮልብዎት ወይም ስለማይደመጡ የሚመጣ ነው፤ ይህን መታገሥ አይገባም። የሌሎች ታካሚዎችን ታሪክ የሚያወራ፣ ፈጽሞ እንደሚፈውስ ቃል የሚገባ ባለሙያም ይተው። ከታካሚው ጋር የፍቅር ወይም የወሲብ ግንኙነት የሚጀምር ባለሙያ ከባድ የሥነ ምግባር ጥሰት ስለፈጸመ ፈቃድ ለሰጠው አካል ሊነገርበት ይገባል። ሲቀይሩ የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን ይዘው ይሂዱ።

ለድባቴ ታክሜ አልተሻለኝም፤ ምናልባት ባለሙያው ተሳስቶ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ባይፖላር ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስሜቱ ሲወድቅ ነው፤ ስሜቱ ከመጠን በላይ ከፍ ሲል ጤነኛና ብርቱ የሆነ ስለሚመስለው ማንንም አያማክርም። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጠው ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ እየተኙ ድካም ያልተሰማዎት፣ ሐሳብዎ የተሯሯጠ፣ ያለ ልማድዎ ገንዘብ የበተኑ ወይም ሰው «ምን ነካህ?» ያለዎት ቀናት ከነበሩ፣ ወይም በቤተሰብዎ ተመሳሳይ ሕመም ካለ፣ ባይጠየቁም ይናገሩ። ያኔ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት ማግኘት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም የደም ውስጥ መጠኑ፣ የታይሮይድና የኩላሊት ሥራ በየጊዜው መለካት ስላለበት ክትትሉም የሐኪም ነው።

የታመመው ወንድሜ ነው፤ «አላመመኝም» ስለሚል ወደ የትኛውም ባለሙያ አይሄድም። ምን ላድርግ?

መታመምን አለማወቅ ራሱ የአንዳንድ ሕመሞች ምልክት ስለሆነ፣ እልህ ወይም ጥጋብ አድርጎ መቁጠር ፍትሕ አይደለም። «የምትሰማው ድምፅ የለም» ብሎ መከራከር ያርቀዋል፤ «አዎ፣ ያሳድዱሃል» ብሎ መስማማትም ያጠልቀዋል። እሱ ራሱ ከሚያማርርበት ነገር መነሣት ይሻላል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ራስ ምታቱ ወይም ፍርሃቱ ካስቸገረው «ለእንቅልፍህ ጠቅላላ ሐኪም እንይ» ቢባል እሺ ሊል ይችላል፤ ወደ ስፔሻሊስቱም የሚላከው ከዚያ ነው። በማታለል ወይም በምግብ ውስጥ ደብቆ መድኃኒት በመስጠት የተጀመረ ሕክምና ሲታወቅ የሚሰብረውን እምነት መልሶ መጠገን እጅግ ከባድ ነው።

እሱ እምቢ ቢልም እርስዎ መሄድ ይችላሉ። የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር ለቤተሰብ ምክር ይሰጣል፤ አካሚው የታካሚውን ምስጢር ለእርስዎ ባይነግርም እርስዎ የሚነግሩትን ማዳመጥ ይችላል። ያለ ፈቃድ ማሳከም የሚፈቀደው እንደ አደጋ ባሉ፣ በየአገሩ ሕግ በተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ወደ ባለሙያው ሲሄዱ «ተለውጧል» ከማለት ይልቅ መተኛት ያቆመበትን ቀን፣ የተናገረውን ቃል በቃል፣ ምግብ የተወበትን ጊዜና በቤተሰብ ውስጥ የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩን በወረቀት ጽፈው ይያዙ።